ቅጹ ላይ የሞተው ወንድም

ቆንስላው ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ሱቅ የኔ ናት። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለጉርድ ፎቶ የሚሆን ነጭ መጋረጃና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቅጽ ስሞላ ኖሬያለሁ። ነጋዴው፣ ተማሪው፣ መርከበኛው፣ ልጇ ጋ የምትሄደው አሮጊት፣ ሁሉም መንገዱን ከመሻገራቸው በፊት እኔ ዘንድ ይቀመጣሉ። ጠባዬ ጥሩ ነው አልልም። የተወለደበትን ዓመት የማያውቅ፣ ፊርማውን ከሳጥኑ ውጪ የሚያንጠለጥል፣ "አንተው እንደሚሆን አድርገህ ሙላው" የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላዋል። አንድ ነገር ግን በኩራት እናገር ነበር፤ በኔ ስህተት የተመለሰ ቅጽ የለም። አሁን ይህን ለማለት አፌ አይደፍርም። በሕይወት ያለን ሰው በገዛ ጣቴ "ሟች" ብዬ ጽፌ ልኬያለሁ።

ጉዳዩ የእህቴ ባል ጉዳይ ነው። ሰፈር ውስጥ ማይኩ ይሉታል። አሥር ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል ሠርቷል፤ እዚያ ታች ሰው የሚግባባው ወይ በጩኸት ወይ በእጁ ነው። ለእረፍት ሲመጣ ድምፁም እንደዚያው ሆኖ ይመጣል። "ጨው አቀብይኝ" ሲል ሦስተኛው ቤት ያሉት ጨው ይፈልጋሉ። እህቴ ምስጢር ስትነግረው አፏን ጆሮው ላይ ትለጥፋለች፤ እሱ መልሱን ለሰፈሩ ያሰማል። ልጆቹ "አባዬ ቀንሰው" ይሉታል፤ ይስቃል፤ ሳቁ ከንግግሩ ይብሳል። ከዚህ ሌላ እንከን አላገኘሁበትም። ውሸት አይችልም። የማይዋሽ ሳይሆን የማይችል ነው የምለው፤ ሊሞክር ሲል ጆሮው ይቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ያጋልጣል።

የመርከብ ሥራው ኦይለር የሚሉት ነው፤ በፈረቃ እየዞረ ማሽኑን ዘይት የሚቀባ፣ የሚጠርግ፣ ሙቀቱን የሚያይ ሰው ማለት ነው። አሥር ዓመት ዘይት ለብሶ ከኖረ በኋላ ዘንድሮ በሩ ተከፈተለት። ቀጣሪ ኤጀንሲው በአንድ ትልቅ መርከብ ላይ ዋና በያጅ አድርጎ መደበው። መርከቡ ግን ያለው በሩቅ አገር ወደብ ጥገና ላይ ነበር። እዚያ በአውሮፕላን ሄዶ ለመሳፈር የዚያ አገር የመርከበኛ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛውን ካገኘ ዋና በያጅ ነው። ካጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ አንድ ጊዜ ቪዛ የተከለከለ መርከበኛ ደግሞ ኤጀንሲው ስልክ ደውሎ አይፈልገውም።

ወረቀቱን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ። ፓስፖርቱን፣ የባሕረኛ ደብተሩን፣ የጤና ምርመራውን፣ የኤጀንሲውን ደብዳቤ በቅደም ተከተል አያያዝኩ። ከዚያ እንደማላውቀው ሰው አስቀምጬ ጠየቅኩት፤ ሥራ ላይ ዘመድ የለኝም።

"እዚያ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለህ?"

"የለኝም።"

"ወንድም፣ እህት?"

"አንድ ወንድም ነበረኝ። ታውቅ የለ እንዴ፣ ምን ትጠይቀኛለህ?"

አውቃለሁ። ታላቁ ነው፤ እሱም መርከበኛ ነበር። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ማይኩ ገና ጋራዥ ሲሠራና ከእህቴ ጋር በተጫጨበት ጊዜ፣ ከመርከብ ወድቆ ባሕር ወሰደው ተብሎ ሐዘኑን አብረን ተቀምጠናል። ማይኩ ራሱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ ትከሻውን ይዤ የጎተትኩት እኔ ነኝ። በኋላ የመጀመሪያ ልጁን በወንድሙ ስም ጠራው። ቅጹ ላይ የወንድም ሁኔታ የሚል ሳጥን ነበር። "ሟች" ብዬ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

የቀጠሮው ጠዋት ያለችውን አንድ ኮት ለብሶ መጣ። "አጭር መልስ ስጥ፤ ያልተጠየቅከውን አትቀባጥር፤ ደግሞ አትጩህ" አልኩት። "ኧረ አልጮህም" ሲል የቆንስላው ጥበቃ ከመንገዱ ማዶ ዞሮ አየን። ገባ። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ። የመርከበኛ ቪዛ ብዙ ጣጣ የለውም፤ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው ብዬ ነበር።

ውስጥ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ግማሹን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ደንበኞቼ ነገሩኝ፤ እንዳይሰሙት ማድረግ አይቻልም ነበርና። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሠራተኛ መነጽር ያደረገች፣ ትሑት፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ስለ ሥራው ጠየቀችው፣ መለሰ። ስለ መርከቡ ጠየቀችው፣ መለሰ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ረዘም ላለ ጊዜ አየች።

"ወንድምዎ በሕይወት የሉም ብለው ሞልተዋል" አለችው።

"አዎ። ባሕር ነው የወሰደው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"እመቤቴ፣ ሐዘን ተቀምጫለሁ እኮ።"

"አስከሬናቸውን አይታችኋል?"

"ባሕር መቼ ይመልሳል? የመርከቡ ሠራተኞች አለቃ፣ ቦሰኑ፣ ልብሱን በሻንጣ አምጥቶ ነው የነገረን።"

ሴትየዋ ከኮምፒውተሩ ላይ እየተመለከተች የአባቱን ስም አነበበች። የእናቱን ሙሉ ስም አነበበች። የወንድሙን የትውልድ ዓመትና በመጨረሻ የተሳፈረበትን መርከብ ስም አነበበች። ሁሉም ትክክል ነበር። ማይኩ ለሐዘን መግለጫ ነው ብሎ አሰበ፤ ሊያመሰግናትም ነበር።

"ይህ ሰው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እኛ አገር ወደብ ላይ ከመርከቡ ወርዶ አልተመለሰም" አለችው። "ከሦስት ዓመት በፊት ለመኖሪያ ፈቃድ አመልክቷል። ማመልከቻው ላይ እናቱንና እርስዎን አስመዝግቧል። የሞተ ሰው ማመልከቻ አያስገባም።"

"ወንድሜ አለ?"

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ አሉ። አንዲት ደንበኛዬ የያዘችው ፎቶ ከእጇ ወደቀ። ጥበቃው መጣ፣ ግን ፊቱን ሲያይ ቆመ። ማይኩ የት እንዳለ ጠየቀ፤ መናገር አልችልም አለችው። ደህና መሆኑን ብቻ ንገሪኝ አላት፤ ያንንም አልችልም አለችው። ከዚያ አንዲት ወረቀት በመስኮቱ ቀዳዳ ሰጠችው። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ይህ የሐሰት ቃል እንዴት እንደተሞላ የሚያስረዳ፣ ስለ ሞቱ መጀመሪያ የሰማው የቤተሰብ አባል የፈረመበት ደብዳቤ ያምጡ። ካልመጣ ማመልከቻው በማታለል ውድቅ ይሆናል፤ ለአምስት ዓመትም ድጋሚ ማመልከት አይቻልም።

መንገዱን ሲሻገር አየሁት። መኪና ጥሩንባ ነፋበት፤ አልሰማም። ሱቄ ገብቶ ወንበሩ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ደም የሚባል የለም። የሆነውን ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሲያንሾካሹክ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከነገሩ በፊት ያስደነገጠኝ ይኸው ነበር።

ነገሩ ሲገባኝ ያን ሁሉ ለቅሶ አስታወስኩ። መጀመሪያ አጭበርባሪ ነው አልኩ፤ የሟች ስም ይዞ የሚኖር ስንት አለ። ግን አጭበርባሪ የማይኩን እናት ሙሉ ስም ከየት ያመጣል? ሁለተኛ ያሰብኩት ኤጀንሲውን ነው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ቀጣሪዎቹ ያልተጻፈ ሕግ አላቸው። ሰው አገር ከመርከብ ወርዶ የቀረ መርከበኛ ካለበት ቤት ሌላ ሰው አይቀጥሩም፤ አንዱ ከቀረ ሌላውም መንገዱን ያውቃል ብለው ነው። አዲስ ሰው ከመቅጠራቸው በፊት አጣሪ ወደ ሰፈር ይልካሉ። ባለሱቁን ይጠይቃል፣ ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ቤት ገብቶ ውሃ ይለምንና ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ያያል። የመርከበኛ ቪዛ ጉዳይ ደግሞ በኤጀንሲው በኩል ስለሚሄድ፣ ለቆንስላው የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ቅጂው እነሱ ጋ ይደርሳል።

"ለእማዬ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?" አለኝ ማይኩ።

መርዶ ማርዳት ሰው ሁሉ ያውቅበታል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቀስ ይባላል፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ይቀመጣል። ሞቷል የተባለ ልጅ አለ ብሎ ማርዳት ግን ማን ተምሯል? እናቱ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ደም ግፊት አለባት። ለእህቴ ደወልንላትና ሦስታችን መከርን። እህቴ ውሃ ይዛ በግራ በኩል ትቀመጣለች፣ እኔ በቀኝ እቆማለሁ፣ እሱ ፊት ለፊት ሆኖ ቀስ አድርጎ ይነግራታል። ቀስ አድርጎ ያልነው እኛ ነን፤ እሱ ያን ቃል አያውቀውም።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጥ አሮጌ ማሽኗን መስኮት አጠገብ አድርጋ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትሰፋለች። ከዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ ጥቁር ነው የምትለብሰው። ስንገባ የተማሪ ቤት የደንብ ልብስ እጅጌ እየገጠመች ነበር። ሦስታችንም አንድ ላይ ስንገባ አየችና "ምነው፣ ልታስሩኝ ነው?" አለች። ማንም አልሳቀም። እህቴ ውሃውን ይዛ ተቀመጠች። እኔም ቦታዬን ያዝኩ።

"እማዬ" አለ ማይኩ። "ወንድሜ አልሞተም። ዛሬ ቆንስላው ውስጥ ነገሩኝ። ወረቀት አስገብቶ ነበር።"

እጄን ወደ ትከሻዋ ሰደድኩ፤ ትወድቃለች ብዬ። አልወደቀችም። እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ላይ አነሳች፣ መነጽሯን አወለቀች።

"መቼ ነው ያስገባው?" አለች።

"ምኑን?"

"ወረቀቱን። መቼ ነው ያስገባው አሉህ?"

"ከሦስት ዓመት በፊት።"

በጣቶቿ ቆጠረች። "ቦሰኑ ከሞተ አራት ዓመት ሞላው" አለች፣ ለኛ ሳይሆን ለራሷ። "እንግዲያ ከዚያ በኋላም ደህና ነበር።" ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ እፎይ ያለ ሰው ለቅሶ ነበር።

እህቴ ለእናትየው የያዘችውን ውሃ ራሷ ጠጣችው። እኔ የጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ማይኩ አፉን ከፍቶ ቆሞ እናቱን ያያታል። ክው ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

"ታውቂ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

ከዚያ ነገረችን፤ ማሽኑ ላይ ያለውን እጅጌ እያጠፈችና እየዘረጋች። "ቦሰኑ ሲመጣ አንተ ጋራዥ ነበርክ። ሻንጣውን አስቀመጠና 'እናቴ፣ ልጅሽ ወደብ ላይ ወርዶ ቀርቷል፤ ደህና ነው፤ አይመለስም' አለኝ። ደስ አለኝም አዘንኩም። ከዚያ ያንተን ወረቀት አስታወስኩ። ኤጀንሲው ተቀብሎህ አጣሪ ሊልክ በዚያው ሳምንት ቀጠሮ ነበር። የወንድምህ መርከብ ድርጅት ሌላ ነው፤ እነሱ አይገናኙም፤ ሰፈሩ ካላወራ ማንም አያውቅም። ቦሰኑን 'ሞቷል በልልኝ' አልኩት። እምቢ አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅኩ። ከዚያ ወጥቼ በሩ ላይ ጮህኩ።"

"ዋሽተሽ አለቀስሽ" አለ ማይኩ።

"እሱን እንኳ አትበለኝ። አትጻፍ፣ አትደውል፣ እኔ ቀብሬሃለሁ ብዬ በቦሰኑ ላክሁበት። ልጄን ዳግም እንዳላይ የፈረድኩት ራሴ ነኝ። ለዚያ ነው ያለቀስኩት። ከዚያ ወዲህ ቦሰኑ ከጉዞ በተመለሰ ቁጥር ብቅ ይልና 'ደህና ነው' ይለኝ ነበር፤ እሱ ሲሞት የምጠይቀው ሰው አጣሁ። አራት ዓመት እውነት ሞቶ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት።"

"እኔስ? እኔ ምን አጠፋሁ? ለምን አልነገርሽኝም? ራሴን ከግድግዳ ጋር ሳጋጭ እያየሽኝ። ልጄን በስሙ ስጠራው እልል ብለሽ።" ድምፁ ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ጎረቤት መስኮት ሲዘጋ ሰማሁ።

"አጣሪው መጥቶ ያየው ያንተን ዓይን ነው" አለችው። "ብታውቅ ኖሮ አታለቅስም ነበር። አንተ ማስመሰል አትችልም፤ ከልጅነትህ አትችልም። ያ ሰው አንድ ጊዜ አይቶህ ማስታወሻውን አጥፎ ሄደ።"

ማይኩ ወጣ። ኮቱን እንኳ አልወሰደም።

ለሰባት ቀን እናቱን አላናገራትም። ቀን ቀን የድሮ ጋራዡ ሄዶ ለማንም ሳይሆን ብረት ይበይዳል፣ ማታ መጥቶ ይተኛል። እህቴ እንደምትለው ልጁን በስሙ መጥራት አቅቶት "አንተ" ይለው ጀመር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን አጥፍቼ ነው ብሎ አለቀሰባት። እኔም ሱቄ ውስጥ ሆኜ የሌሎች ሰዎችን ወንድሞችና እህቶች ሳጥን ስሞላ እጄ ይቆማል። "እርግጠኛ ነህ?" እያልኩ ሰውን አሰልችቻለሁ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እናትየው መታወቂያዋን በመሐረብ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። ከኋላዋ፣ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ማይኩ ይከተላታል። እሷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እሱ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

"ደብዳቤውን ጻፍልኝ" አለችኝ።

"እማማ፣ ከመጻፌ በፊት ይስሙኝ" አልኩ። ያለንበትን ሁሉ ነገርኳት። ደብዳቤው ካልገባ ልጇ በውሸታምነት አምስት ዓመት ይታገዳል፤ ከገባ ደግሞ ቅጂው ኤጀንሲው ይደርሳል፤ ኤጀንሲው ካየው የእሱን ስም ከመዝገብ ይሰርዛል። ሦስተኛ መንገድ የለም። ሃያ ዓመት ቅጽ የሞላሁ ሰው ሆኜ ሦስተኛ መንገድ ሳጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ልጇ ዞረች። "አንተ ምረጥ" አለችው። "ዝም በል ካልከኝ እስክሞት ዝም እላለሁ።"

ማይኩ ዞሮ ሳያያት መለሰ። "ያኔ አንቺ መረጥሽ። አሁን እኔ ነኝ። ጻፍ፣ አለ ብለህ ጻፍ።"

"በይ እማማ፣ ይንገሩኝ" አልኳት፤ ግራ ከመጋባቴ የተነሳ አንቺና እርስዎ ተምታታብኝ።

"የመጀመሪያ ልጄ አልሞተም፤ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ብለህ ጻፍ።"

"እንዲህማ አይጻፍም። ፖሊስ ይጠሩብናል።"

"ታዲያ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል?"

"'ስለ ልጄ ሞት የሰጠሁት ቃል ትክክል አልነበረም' ይባላል።"

"ቀላል አደረግከው" አለችኝ። ሌላውን በተናገረችው መጠን ጻፍኩ፤ ሁለተኛው ልጇ ምንም እንደማያውቅ፣ ያታለለችውም እሷ እንደሆነች። አነበብኩላት። ከመጀመሪያው ድገምልኝ አለች። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀኝ ሌሎች ደንበኞች በሩ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ በሌላ ቀን ብሆን እቆጣ ነበር፤ አነበብኩላት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳጥኑ ውስጥ፣ ፈረመች።

ማይኩ ደብዳቤውን ይዞ መንገዱን ተሻገረ። መነጽር ያደረገችው ሴትዮ ቆማ አነበበችው አለኝ፤ ቆማ ማንበቧን ለምን እንደነገረኝ አላውቅም። እናቱ 'ይህ ወረቀት ታላቅ ልጄ ጋ ይደርሳል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ' ብላው ስለነበር ያንኑ ጠየቃት። ሴትየዋ ከመዝገቡ ጋር እንደሚያያዝ፣ ሌላ ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ነገር በአንድ ቀን መጣ። ጠዋት ፓስፖርቱ ተመለሰ። ቪዛው ተመቶበታል። አብሮት የመጣው ወረቀት የማታለል ሐሳብ አልተገኘበትም፣ ተፈቅዷል ይላል። እኔ ሱቄ ውስጥ ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ፤ ሰው ሁሉ አየኝ። ከሰዓት በኋላ ኤጀንሲው ደወለ። የቤተሰብ ሁኔታ መግለጫው ከቀድሞው ጋር ስለማይጣጣም ከምደባ ዝርዝር ወጥተሃል፣ የባሕረኛ ደብተርህን ግን መጥተህ መውሰድ ትችላለህ አሉት። የመርከበኛ ቪዛ ደግሞ የሚሠራው ለመርከቡ ነው። መርከብ የሌለው ሰው ይዞት ቢሄድ አየር ማረፊያው ላይ ይመልሱታል። ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አስረዳሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ እሺ አለኝ፤ መስማቱን እጠራጠራለሁ።

አመሻሽ ላይ አብረን እናቱ ቤት ሄድን። ከማሽኑ ተነስታ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን፤ እህቴ ቀድማ ነግራት ኖሯል። ማይኩ ፓስፖርቱን ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ከፍቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። መነጽሯን አደረገች። ፊደሉን አታነበውም፤ የአገሩን ማኅተም ግን በጣቷ ዳሰሰችው።

"እሱ ያለበት አገር ይሄ ነው?"

"አዎ።"

"ልትሄድበት አትችልም?"

"አልችልም።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ማይኩ፣ ያን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳምንታት ሙሉ ሆዱ ውስጥ ይዞት የከረመውን አወጣው።

"እማዬ፣ እኔ ብሆንስ? ከመርከቡ የወረድኩት እኔ፣ ወረቀት ያስገባው እሱ ቢሆን ኖሮ፣ እኔንም ለሱ ብለሽ ትቀብሪኝ ነበር?"

እህቴ እጄን ጨመቀችው። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ እናት ሁሉ የሚሰጠው መልስ አለ፤ እሱን ጠበቅኩ። እናትየው ዓይኗን ከማኅተሙ ላይ አላነሳችም።

"አዎ" አለች። "በዚያው ቀን።"

ይጮሃል ብዬ ነበር። አልጮኸም። የማሽኗን በርጩማ በእግሩ ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ፓስፖርቱንም ከጭኗ ላይ አላነሳባትም።